«አጣፍጣችሁ ስጡ»

የልጅ ልጄ ስምንተኛ ወሯን በያዘች ሰሞን ቤታችን ውስጥ አሥራ አንድ ዓይነት ብስኩት ቆጠርኩ። ከሶፋው ሥር፣ ከቁም ሳጥኑ አናት ላይ፣ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ነው ያገኘኋቸው። ዕድሜዬን የጨረስኩት በዘጋቢነት ነውና ስናደድ እቆጥራለሁ፤ ከመጮህ ይሻለኛል።

ግማሹን ያመጣው ጠያቂ ነው። ቡታጅራ ውስጥ ሕፃን ያለበት ቤት ባዶ እጅ አይኬድም። ድሮ ሰው ቅቤ በኮባ ቅጠል ጠቅልሎ ወይም እንቁላል ይዞ ይመጣ ነበር። አሁን መናኸሪያው ፊት ለፊት ከተደረደሩት ሱቆች ወደ አንዱ ጎራ ይልና ጉንጩ የተነፋ ሕፃን የታተመበት ካርቶን አንጠልጥሎ ይመጣል። ያ ሕፃን በየቤቱ ይስቃል። ማን እንደሆነ፣ የማን ልጅ እንደሆነ፣ ብስኩቱን በልቶ ይሁን ሳይበላ እንደዚያ የወፈረ፣ የጠየቀ ሰው አላጋጠመኝም።

የእኛዋ ግን አልወፈረችም። ታሪኩም እዚህ ላይ ይጀምራል።

ልጄ እዚሁ ቡታጅራ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታስተምራለች። ባሏ አዲስ አበባ የሚሠራ ሆኖ በወር አንዴ ነው የሚመጣው። የወሊድ ፈቃዷ ሲያልቅ ሕፃኗን ይዛ እኔ ቤት ገባች፤ እናቷ ካረፈች ወዲህ ቤቱ ለአንድ ሰው ሰፍቶኝ ነበር። ቀን ቀን ልጅቷን የሚይዙልን ግድግዳ የምንጋራቸው ጎረቤታችን ናቸው። ከመስቃን ገጠር ገብተው ከተማ ውስጥ ያረጁ፣ ስድስት ልጅ ያሳደጉ ሴት ናቸው። እኔም ልጄም እትዬ እንላቸዋለን። እሳቸው እኔን «አንተ ጋዜጠኛ» ይሉኛል፤ ሲያሾፉም ሲቆጡም ያው ነው፣ የሚለየው ድምፃቸው ብቻ ነው።

በዚያ ወር ልጄና እትዬ ሕፃኗን ለማስመዘን ወደ ጤና ጣቢያ ሲሄዱ እኔም አብሬ ሄድኩ። ነርሷ ሕፃኗን በተንጠልጣዩ ሚዛን ላይ ሰቅላ መርፌውን አነበበች፤ ከዚያ ካርዱ ላይ ነጥብ አደረገች። ነጥቦቹን በመስመር ስታገናኛቸው መስመሩ እንደ ሜዳ መንገድ ተጋደመ። ሁለት ወር ሙሉ አልተነሳም። ምን እንደምንመግባት ጠየቀችን። ልጄ ወደ እትዬ አየች፣ እትዬ ወደ እኔ አዩ። በመጨረሻ ልጄ ወተት በስኳር፣ ብስኩት በሻይ፣ ቡላ በስኳር እያለች ዘረዘረች። ሌላውን ሁሉ ትተፋለች አለች።

ነርሷ አልተቆጣችም፤ የደከማት ትመስል ነበር። ስኳር ሆዷን ሞልቶ የምግብ ቦታ እንዳሳጣት አስረዳችን። ዓመት እስኪሞላት ስኳርም ጨውም እንዳንጨምር፣ አትክልት፣ እንቁላል፣ ምስር፣ አተር እያለሰለስን እንድንሰጣት፣ ፊቷን ብታጨማድድም ያንኑ ምግብ ደጋግመን እንድናቀርብላት ነገረችን። ካርዱን መለሰችና እንዲህ አለች፦

«በሚቀጥለው ወር ይህ መስመር ካልተነሳ ወደ ሆስፒታል እልካታለሁ።»

በባጃጅ ተመለስን። ቤት ልንደርስ ስንል ልጄ፣ ሕፃኗን እያቀፈች፣ ፊቷን ወደ ውጭ አድርጋ «አባዬ፣ ካልተነሳ ማስተማሩን እተዋለሁ» አለችኝ። ኮሌጅ ያስገባኋት እኔ ነኝ። የመጀመሪያ ቀን ጠመኔ ይዛ ወደ ቤት ስትመጣ እጇ ነጭ ሆኖ እንዴት እንደሳቀች አስታውሳለሁ። አንድ ወር ነበረን።

በነጋታው ጎመን ቀቀልን። ልጄ በማንኪያ አቀረበችላት። ሕፃኗ መጀመሪያ ማንኪያውን አየች፣ ከዚያ እናቷን አየች፣ ከዚያ አፏን እንደ ቦርሳ ዘጋች። በመከራ ከገባው ላይ ግማሹ ለመግለጫ የምለብሰው ነጭ ሸሚዜ ላይ አረፈ። ካሮትም እንዲሁ ሆነ። ድንቹን ደግሞ ከነሳህኑ ገፋችው። ማንኪያው ላይ ስኳር ነገር ካለ ግን እንደ ወፍ ጫጩት አፏን ከፍታ ትጠብቃለች። ምላሷ ውሳኔውን ጨርሶ ነበር።

ያንን ሳምንት በንዴት አሳለፍኩት። እስቲ የት እንዳለን አስቡ። በዓል ሲመጣ አይብ በጎመን ሳይቀርብ እንግዳ የማይሸኝበት፣ ክትፎ ቤቱ ሁሉ ጎመንን ከሥጋው እኩል የሚያከብርበት አገር ነው። የጓሯችን አጥር ሥር ጎመን አለ። ቅዳሜ ገበያ ከመስቃን በጋሪ የሚወርደው ጎመን መንገድ ይዘጋል። በዚህ አገር የተወለደች ሕፃን ጎመን ስታይ እንደ መርዝ ትሸሻለች፤ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ብስኩት ግን በእንቅልፍ ልቧም ታውቀዋለች። ይህ በራሱ የሚሆን ነገር አይደለም፤ ያስተማራት አለ። ማን እንደሆነ ላጣራ ወሰንኩ። ሌላ ሥራ አላውቅም።

የጀመርኩት ከሱቁ ነው። ባለሱቁ በደንብ የሚያውቀኝ ሰው ነው። የሕፃን ብስኩት ለምን ይህን ያህል እንደሚደረድር ስጠይቀው አልተቀየመም። ሕዝቡ የጠየቀውን ነው የምሸጠው አለኝ። ሕዝቡ ለምን እንደጠየቀ ስገፋው ግን ሳቅ አለና፣ ጋሼ ሬዲዮ አይሰሙም እንዴ፣ ለሕፃናት ጣፋጭ ስጡ ተብሎ የለም ወይ ብሎ መለሰልኝ። እኔ ራሴ የሬዲዮ ሰው ነኝ። እንዲህ ያለ ነገር የሚያስተላልፍ ጣቢያ ካለ ስሙን እንዲነግረኝ ጠየቅሁት። አላስታወሰም። ሰው እንደዚህ ነው፣ የፈለገውን ሬዲዮ ነገረኝ ይላል፣ እያልኩ ተናድጄ ወጣሁ።

እትዬን ያገኘኋቸው በራቸው ላይ ሽንኩርት ሲልጡ ነው። ሕፃኗ ጭናቸው ላይ ተኝታለች። ቀስ ብዬ ነው የጠየቅሁት፤ በእሳቸው ላይ ጣቴን የምቀስር እንዳይመስላቸው ፈርቼ ነበር። ስኳሩን ማን እንዳስጀመራቸው ማወቅ ብቻ እንደምፈልግ ነገርኳቸው።

«ሬዲዮው ነዋ» አሉ። «አጣፍጣችሁ ስጡ አይል? ጣፋጭ ማለት ስኳር አይደል እንዴ?»

«ማነው እንደዚያ ያለው?»

ቢላዋቸውን አቆሙና አዩኝ።

«እኔ ምን አውቄ። ድምፁ ግን ያንተን ይመስላል።»

ሳቅሁ። ከዚያ ሳቄን አቆምኩ።

ማስታወሻ ደብተሮቼን አልጥልም። በየዓመቱ በገመድ አስሬ ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀምጣቸዋለሁ። ያን ዕለት ከሰዓት ገመዶቹን ፈታሁ። የምፈልገውን ገጽ ለማግኘት ብዙ አልወሰደብኝም፤ በእጅ ጽሑፌ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ እንዲህ ይላል፦ «ስድስት ወር ለሞላው ሕፃን ተጨማሪ ምግብ ጀምሩለት። ምግቡን አጣፍጣችሁ ስጡ።»

ነገሩ ትዝ አለኝ። ወልቂጤ አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ስለ ሕፃናት አመጋገብ ስልጠና ነበረ። የተሰጠን ወረቀት በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው። ወረቀቱ ሕፃኑ የጎመንን፣ የምስርን፣ የእንቁላልን ጣዕም እንዲለምድና እንዲወድ አድርጉ ነው የሚለው። ለምሳ ከመነሳታችን በፊት አጭር የሬዲዮ መልእክት አዘጋጁ ተባልን። እኔ ፈጣን ነኝ። ፈጣን በመሆኔ ስመሰገን የኖርኩ ሰው ነኝ። ያን ሁሉ ዓረፍተ ነገር በአንድ ቃል ጠቀለልኩትና «አጣፍጣችሁ» ብዬ ጨረስኩ። ከዚያ ራሴው አነበብኩት፤ በዜናና በዘፈን መካከል ለወራት ተላለፈ። አመሰገኑኝም።

ቃሉ በራሱ ስህተት የለበትም፤ ይህ ነው ይበልጥ የሚያናድደኝ። በአማርኛ አፉን የፈታ ሰው የበግ ወጥ ቀምሶ «ይጣፍጣል» ሲል ስኳር አለበት ማለቱ አይደለም። ወጥ የሚያጣፍጠው ሽንኩርትና ቅቤ ነው። ነገር ግን የእኔ አድማጭ ማነው? ግማሹ አማርኛን እንደ እትዬ ገበያ ላይ የተማረ ሰው ነው። ሱቅ በረንዳ ላይ «ጣፋጭ» የሚባለው ከረሜላ ነው፣ ማር ነው፣ ብስኩት ነው። እኔ ራሴ አማርኛን ያገኘሁት ትምህርት ቤት ገብቼ ነው፤ ቤት ውስጥ የምንናገረው ሌላ ነበር። የእትዬን ጆሮ ከማንም በላይ ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ። ያን ቀን ግን የምሳ ሰዓት ደርሶ ነበር፤ ከሴቶቹ ጆሮ ይልቅ የወረቀቱን ባለቤቶች አሰብኩ።

በማግስቱ አውቶቡስ ይዤ ወልቂጤ ሄድኩ፤ ዝግጅት ክፍላችን ያለው እዚያ ነው። ማረሚያ እንዲነገር ጠየቅሁ። የክፍሉ ኃላፊ በዕድሜ ልጄ የሚሆን፣ ጨዋ ሰው ነው። ቅሬታ ያቀረበ አድማጭ እንዳለ ጠየቀኝ። እኔ አቀርባለሁ አልኩት። እርስዎማ የኛው ሰው ነዎት፣ ቅሬታ ከውጭ ነው የሚመጣው ብሎ ፈገግ አለ። ቀጥሎም መዝገበ ቃላት አውጥቶ አሳየኝ፤ «አጣፈጠ» ማለት ጣዕም ሰጠ ማለት ነው፣ እንግዲህ ምኑን እናርማለን አለኝ። የልጅ ልጄን ካርድ ፎቶ በስልኬ አሳየሁት። አዘነ። ከልቡ ነው ያዘነው። ከዚያ «እናየዋለን» አለ። በዚያ ቤት የእኔን ያህል ዓመት የሠራ ሰው «እናየዋለን» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። የአንድ የወረዳ ሹም ስም በአንድ ፊደል ቢሳሳት በዚያው ቀን ማረሚያ እናነባለን፤ ይህን ደግሞ እኔው ራሴ አንብቤ አውቃለሁ። ለሕፃናት ምላስ ግን ከውጭ የመጣ ቅሬታ ያስፈልጋል።

ስመለስ እትዬ ዘንድ ሄጄ ቁጭ አልኩ። ድምፁ የእኔ እንደሆነ፣ የተናገርኩትም ስህተት እንደሆነ፣ ስኳር ማለቴ እንዳልነበረ ነገርኳቸው። ይቅርታ ልጠይቅ ነው የሄድኩት። እሳቸው ግን አላስጨረሱኝም። ፊታቸው ተለዋወጠ።

«ስድስት ልጅ ያሳደግሁት በስኳር መሰለህ? ያኔ ስኳር የት ነበር! በጎመንና በቡላ ነው ያሳደግሁት።»

ታዲያ ለምን ተዉት አልኳቸው።

«አንተ ጋዜጠኛ፣ ሬዲዮው አውቃለሁ ሲል እኔ ማን ነኝ ብዬ ዝም አልኩዋ።»

ብዙ ጊዜ ብዙ ሰው ተቆጥቶኛል። ባለሥልጣን ቢሮ ውስጥ ደብተሬን ተቀምቻለሁ። እንደዚያች ቃል ግን ያስደነገጠኝ የለም። እኒህ ሴት የሚያውቁትን ያውቁ ነበር። አጥራቸው ሥር የበቀለውን ጎመን ትተው ሱቅ የሄዱት አላዋቂ ስለሆኑ አይደለም፤ እኔ በራስ መተማመን ስላነበብኩ ነው።

ያኔውኑ ተነሱና ጎመን ቀጠፉ። እኔን ለማስረዳት ብለው አልነበረም፤ ብቻ እየሠሩ ያወራሉ። አገዳውን አወጡ፤ ልጅ ጉሮሮ ላይ የሚቆመው እሱ ነው አሉ። ቅጠሉን እስኪልም ቀቀሉት፤ ክትፎ ቤት እንደሚደረገው በቢላዋ አድቅቀው ከተፉት። ከሽንኩርት ጋር ትንሽ አሹትና ጨው ያልነካው ቅቤ ጠብ አደረጉበት። ከዚያ ከእንቁላል አስኳልና ስኳር ከሌለው የቡላ ገንፎ ጋር አዋሃዱት። ከራሳቸው ድርሻም ላይ በርበሬና ሚጥሚጣውን አስቀሩ። ይህ ለምን እንደሆነ የገባኝ በኋላ ነው።

ልጄ ማንኪያ ይዛ ስትቀርብ ከለከሏት። እንደ በሽተኛ ለብቻዋ አስቀምጣችሁ አፏን ትጠብቃላችሁ፣ እኔም ብሆን እዘጋለሁ አሏት። ከዚያ ወዲያ የሕፃኗ ምሳ ከእኛ ጋር ሆነ። እትዬ ጭናቸው ላይ አስቀምጠው «ቢስሚላህ» ይሉና ከዚያው ሳህን በቆጮ እየጠቀለሉ እሳቸው ይበላሉ። ለእሷ ጥቂት ያቀርቡላታል፤ ከተፋች ይጠርጋሉ። አይለምኑም፣ አያጨበጭቡም፣ «አንዴ ብቻ፣ ለእማዬ ስትይ» የለም። ልጄ መቋቋም አቅቷት ልትለምን ስትል «ተያት፣ ሴትዮዋ ትበላለች» ይሏታል፤ ሕፃኗን ማለታቸው ነው።

እኔ ደብተር ከፈትኩ። ሰኞ፦ ተፋች። ማክሰኞ፦ ተፋች፣ ግን ቅቤውን ላሰች። ረቡዕ፦ አፏን ዘጋች። ሐሙስ፦ ተፋች። ዓርብ የእትዬ እህት መጣችና ካርቶን ብስኩት አምጥታ «ምን አጥፍታ ነው ጎመን የምታበሏት?» ብላ ተቀየመች። እትዬ ብስኩቱን ተቀበሉና ለእህታቸው ከሻይ ጋር አቀረቡላት። እዚያው በላችው።

ቅዳሜ ከሰዓት የሆነውንም መጻፍ አለብኝ። እትዬ ገበያ ሄደዋል፣ ልጄ ፈተና ታርማለች፣ ሕፃኗ ልቅሶዋን አላቆም አለች። ቴሌቪዥኑ ጀርባ የቀረ አንድ ብስኩት ነበር። ሰጠኋት። ዝም አለች። ደብተሬ ላይ «ቅዳሜ፦ ብስኩት፣ እኔ ሰጠሁ» ብዬ ጻፍኩ። ልጄ አየችው። የቁም ሳጥኑን አናት፣ የሶፋውን ሥር፣ የቴሌቪዥኑን ጀርባ ፈትሻ ያገኘችውን ብስኩት ሁሉ ከግቢው አወጣችው።

በሁለተኛው ሳምንት አጋማሽ ላይ፣ እትዬ ቆጮውን በጎመን ጠቅልለው ወደ አፋቸው ሲወስዱ አንዲት ትንሽ እጅ መንገድ ላይ ያዘቻቸው። ሕፃኗ ጣቶቻቸውን በሁለት እጇ ጨብጣ ወደ ራሷ ትጎትታለች። እትዬ አልተደነቁም። ከጥቅሉ ጥቂት ጎመን ቆንጥረው ሰጧት። ፊቷን አጨማደደች። እኛ ጠበቅን። ዋጠች። ከዚያ እንደገና እጃቸውን ጎተተች።

«ምን አልኩ?» አሉ እትዬ ወደ እኔ ሳያዩ። ልጄ ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች፤ ስትመለስ ፊቷን ታጥባ ነበር።

ሁሉም ቀን እንደዚያ አልሆነም። ካሮትን አሁንም አትወድም፤ ዱባን ወደደች፣ ምስርን ወደደች፣ የአተር ሽሮን መጀመሪያ በእጇ ግድግዳው ላይ ቀባችው፣ በኋላ በላችው። ስኳር ፍለጋ የምታለቅሰው ግን እየቀነሰ መጣ። ወሩ ሲሞላ ልጄ ከሚዛኑ በፊት በነበረው ቀን ለርዕሰ መምህሩ የሚሰጥ ደብዳቤ ጽፋ ቦርሳዋ ውስጥ እንዳስቀመጠች አየሁ።

ጤና ጣቢያ እንደገና አራታችንም ሄድን። ነርሷ ሕፃኗን ሰቀለች። መርፌው ተንቀጥቅጦ ቆመ። ነጥቡን አደረገች፤ መስመሩን ሳበች። ወደ ላይ ነበር። ብዙ አይደለም፤ እኔ እውነቱን ነው የምጽፈው፣ ብዙ አይደለም። ሆስፒታል መሄድ እንደማያስፈልግ፣ እንዲሁ ቀጥለን በሚቀጥለው ወር እንድንመለስ ነገረችን። ልጄ ቦርሳዋን ከፈተች፣ ደብዳቤውን አውጥታ ለአራት ቀደደችው። ከዚያ ሰዓቷን አይታ የከሰዓቱ ክፍለ ጊዜ እንደደረሰ ተናገረችና ሕፃኗን ለእትዬ አቀብላ ወጣች፤ ባጃጅ ስትጠራ ድምፅዋ ከውጭ ይሰማ ነበር።

ያኔ ነው ቀና ብዬ ግድግዳውን ያየሁት። ባለፈው ወር እዚያው የነበረ ሳይሆን አይቀርም፤ ካርዱን ብቻ ስለማይ አላስተዋልኩትም። አንዲት እናት ልጇን ስትመግብ የሚያሳይ ወረቀት ተለጥፏል። ከሥዕሉ በታች በትልልቅ ፊደል «ምግቡን አጣፍጣችሁ ስጡ» ይላል። ከሬዲዮው ወስደው አትመውት ነበር።

ነርሷን እስክሪብቶ እንድታውሰኝ ለመንኳት። ለምን እንደሆነ ስነግራት ተጠራጠረች። ከላይ የተላከ ወረቀት ነው፣ ባይነካ ይሻላል አለች። እኔ ነኝ የጻፍኩት አልኳት። የሬዲዮውን ድምፅ ለይታው ይመስለኛል፣ ፊቷን አዘንብላ አየችኝ፤ ከዚያ እስክሪብቶውን ሰጠችኝ። ወረፋ የያዙት እናቶች ጨዋታቸውን አቆሙ። «አጣፍጣችሁ» የሚለውን ሰረዝኩ፤ ከላዩ ላይ ደግሞ «ያለ ስኳር፣ ያለ ጨው፣ አለስልሳችሁ» ብዬ ጻፍኩ። ስለ ማረሚያው ከወልቂጤ የሰማሁት ነገር እስካሁን የለም።

እትዬ ማንበብ ስለማይችሉ ምን ብዬ እንደጻፍኩ ጠየቁኝ። ሴቶቹ ሁሉ እንዲሰሙ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላቸው። ሕፃኗን ወደ ሌላኛው ትከሻቸው አዛወሩና ትንሽ አሰቡ።

«ቅቤውን ረሳኸው» አሉኝ።

እስክሪብቶውን ገና አልመለስኩም ነበር። ቅቤውንም ጨመርኩ።